ግንብ የሚቆመው በጠባቂው ነው
የምሥራቅ ጎጃም የነገሥታት ሕንፃዎች ለዛሬው ሥራ አስኪያጅ ምን ያስተምራሉ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ስለ ቤተ መንግሥት ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይሠራል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተዘጋጀው የአንድነት ፓርክ በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። በ1955 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል የተሠራው ቤተ መንግሥትም ታድሶ በ2024 መጨረሻ ላይ ሙዚየም ሆኖ ተመረቀ። በጎንደርም ለፋሲል ግቢ ግንቦች ሰፊ ጥገና ተደርጎላቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠናበት የኖረው ግቢ ዛሬ ተማሪ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚዞርበት ስፍራ መሆኑ የሚያስደስት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ደስታው አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ነገሥታቱና ቤተሰቦቻቸው ያሠሩት ሁሉ በአዲስ አበባና በጎንደር ብቻ አይደለም። ከዐባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣና በቢቸና አገር እቴጌ ያሠራችው ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ የእቴጌ ልጅ የተከለችው ደብር አለ፤ በንጉሥ ትእዛዝ የተሠራ ድልድይም አለ። እነዚህን ማን ይጠብቃቸዋል? በምንስ ገንዘብ? በዓል ሲደርስ ስማቸውን እያነሣን የምንኮራባቸው፣ ክረምት ሲመጣ ግን ጣሪያቸውንና መሠረታቸውን የማናይ ከሆነ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ተረት አይለይም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ግንብ በድንጋይና በኖራ ይሠራል፤ የሚቆመው ግን በጠባቂው ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ስለ ነበር ሕንፃ ሲሠሩ ጠባቂውንም አብረው ይተክሉ ነበር። እኛ ሕንፃውን ወርሰን የጠባቂውን ሥርዐት አፍርሰናል፤ በምትኩ ምን እንዳቆምን ግን ራሳችንን አልጠየቅንም።

ከድንኳን ወደ ግንብ

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለብዙ ዘመን ድንኳን ነበር። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ «ከተመ» ማለት ሰፈረ ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዓፄ ልብነ ድንግልን ያገኛቸው በድንኳን ከተማ ውስጥ ነው። ሠራዊቱና ባለሟሉ ሁሉ በአንድ ቦታ ብዙ ጊዜ ቢቆይ የአገሩ እንጨትና እህል ያልቅ ስለ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱም እንደ ሠራዊቱ ይጓዝ ነበር። የማይጓዘው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ ነገሥታቱና እቴጌዎቹ ስማቸው ጸንቶ እንዲኖር ሲፈልጉ በድንጋይ ያሠሩት የራሳቸውን አዳራሽ ሳይሆን ደብር ነው።

ነገሩን የለወጠው ኖራ ነው። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ፣ ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በአገራችን አገኙት ተብሎ በዘመኑ ጽሑፎች ይነገራል። የኖራ ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ በምድጃ ይቃጠላል፤ ውኃ ሲፈስበት እየጋለና እየፈረሰ ዱቄት ይሆናል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ ጥበብ ከተገኘ በኋላ ሰፊ የድልድይ ቅስትና ከፍ ያለ ግንብ መሥራት ቀላል ሆነ። በጢስ ዐባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ተሠራ።

ልጃቸው ዓፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርገው ቆረቆሩ። ግንባቸው አራት ማዕዘን ሆኖ በአራቱ ጠርዝ ክብ ማማ ያለው፣ በየማማው ራስ ላይ የዕንቁላል ቅርጽ ያለው ጉልላት የተደፋበት፣ በጣሪያው ዙሪያ ጥርስ መሳይ ክታብ የተሠራለት ነው። ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ፣ ማያያዣው ኖራ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት እያንዳንዳቸው በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ቤት እየጨመሩ ሠሩ፤ ግቢውን የሚከበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። ዩኔስኮም በ1979 ከዓለም ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

ብዙ ሰው እነዚህን ሕንፃዎች «የፖርቱጋል ሥራ» ይላቸዋል። ነገር ግን ፋሲለደስ የኢየሱሳውያን ካህናትን በ1630ዎቹ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ታላላቆቹ የጎንደር ግንቦችም የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። የውጭ አገር ጥበብ ገብቶባቸዋል፤ የአገሩ ግንበኛ ግን ጥበቡን የራሱ አድርጎ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቶበታል። ይህን ማወቅ ለኩራት ብቻ አይደለም። የአገር ሰው የሠራውን የአገር ሰው ሊጠግነው ይችላል ማለት ስለ ሆነ ነው።

የእቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያም

አሁን ወደ ጎጃም እንሻገር። ከቢቸና በስተ ሰሜን፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በእነብሴ ሳር ምድር መርጡለ ማርያም ትገኛለች። ጥንታዊነቷን የደብሩ ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል። በታሪክ ጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ግን የእቴጌ እሌኒ ሥራ ነው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ሲሆኑ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ነገሥታቱ ቤት ገብተው ከብዙ ነገሥታት በላይ የቆየ ሥልጣን ያገኙ ሴት ናቸው። ልብነ ድንግል በሕፃንነቱ በ1508 ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት የመሩና ማቴዎስ የተባለውን መልክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩ እሳቸው ናቸው።

በጎጃም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ዝነኛ ነበር። በወርቅ የተለበጠ መንበርና የወርቅ የመሠዊያ ድንጋይ እንደ ተሠራለት አልቫሬዝ ጽፏል። ከዚያ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ጦርነት ሕንፃው ጠፋ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ካህናት በዚያው ቦታ ላይ እንደ ገና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ እነርሱም ሲባረሩ ሥራው ያለ ባለቤት ቀረ። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ የእነዚህ ዘመናት ሁሉ ምስክር ነው። ግድግዳው በረዥም አራት ማዕዘን የተዘረጋ ሲሆን፣ በተጠረበው ድንጋይ ላይ የአበባና የሐረግ ቅርጽ በጥንቃቄ ተቀርጾበታል።

ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን ሲዞር ይህን ፍርስራሽ ተመልክቶ መግለጫውን በ1847 በአገሩ አሳትሟል። እንግዲህ ከዚያ እስከ ዛሬ 180 ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። አንድ መንገደኛ በጥቂት ቀን ቆይታ ያየውን ለትውልድ ሲያስተላልፍ፣ በአካባቢው ተወልዶ ያደገው ተማሪ በየዓመቱ እያየው አንድ ጊዜ እንኳ በሜትር ሳይለካው ቢቀር የሚያሳዝን ነው።

የሞጣ ጊዮርጊስና የመሬቱ መዝገብ

በሞጣ ያለው ታሪክ ደግሞ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር በእናትና በልጅ የተያያዘ ነው። ዓፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ባለቤታቸው እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው አገሩን ገዙ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አንድ ላይ አሠሩ። ከልጆቻቸው አንዷ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ ታላቁን ራስ ኃይሉን ወለደች። እርሷም እንደ እናቷ ደብር ተከለች፤ ይኸውም የሞጣ ጊዮርጊስ ነው።

በሞጣ ከሕንፃው ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው መዝገቡ ነው። የደብሩ የመሬት መዝገብ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ የ18ኛውን መቶ ዓመት የጎጃም ኑሮ ለማጥናት ከሚረዱት ዋና ሰነዶች አንዱ ነው። በመዝገቡ ላይ መሬቱ ለየአገልግሎቱ ተደልድሎ ይገኛል። ቀዳሹ፣ ደብተራው፣ ሌላውም አገልጋይ መሬት የያዘው በሥራው ምክንያት ነው። ሥራውን ቢተው መሬቱን የመያዝ መብቱ ይናጋል። መሬቱ ሲሸጥና ሲወረስም በዚያው መዝገብ ይጻፍ ነበር።

የዚህ ትርጉም ምንድን ነው? ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በዛሬው አነጋገር የካፒታል በጀትና የመደበኛ በጀት በአንድ ቀን አጸደቀች ማለት ነው። ሕንፃው የካፒታሉ ሥራ ነው፤ የአገልጋዩ መሬት ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት የማያቋርጥ መደበኛ በጀት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚከድነው፣ ቅጥሩ ሲናድ የሚክበው፣ መጽሐፉ ምስጥ ሳይበላው የሚያነሣው ሰው ከመጀመሪያው ታስቦለታል። የጎንደር ግቢም የቆመው በዚሁ ዓይነት ሥርዐት ነው፤ ግብር የሚያገባ፣ ዕንጨትና ሣር የሚያቀርብ፣ በር የሚጠብቅ ሁሉ በየፊናው ተመድቦ ነበር።

ይህ ሥርዐት ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም። የአገልጋዩ መሬት የተገኘው ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ ያረሰውም ገበሬ ከምርቱ ለባለ ጉልቱ ይከፍል ነበር። በመጋቢት 1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለዘመናት የቆየ ሸክም አንሥቷል። ነገር ግን በዚያው ዕለት የጠባቂው መተዳደሪያም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ደብርና በብዙ ግንብ ያለው ጥበቃ በካህናቱ ትዕግሥትና በምእመኑ መዋጮ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የተወገደው በደል ተመልሶ ይምጣ የሚል የለም። የተወገደው ጥበቃ ግን በምን ተተካ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሰባራ ድልድይ ትምህርት

ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ ጎጃምና በጌምድር በሚገናኙበት የዐባይ ሸለቆ ውስጥ ሰባራ ድልድይ አለ። በዓፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ግንበኛው፣ ድንጋዩና ኖራው ከጎንደር ግንቦች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ተቆረጠና ስሙ በዚሁ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች በያዙት ገመድ ታስሮ፣ ወንዙን ከበታቹ እያየ ይጎተት ነበር።

የዚህ ገመድ ፎቶግራፍ በ2000 መጨረሻ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ አይቶት በ2002 ከጓደኞቹና ከአገሩ ሰው ጋር የተቆረጠውን ክፍል በብረት አገናኘው። በ2005 የመጣ ታላቅ ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ የገመድ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ሰው የሚገለገልበት ሥራ ቢሰበርም ወዳጅ አያጣም፤ ገበያ የሚሻገረው ገበሬ፣ ወደ ሕክምና የምትሄደው ነፍሰ ጡር፣ እነርሱ እስካሉ ድረስ ጥያቄው አይሞትም። ሁለተኛው ግን የሚያሳፍር ነው። ከ1941 እስከ 2002 ድረስ 60 ዓመት ያህል ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ፣ የሞጣ ገበሬ መከራ ጉዳይ የሆነው ፎቶግራፉ ባሕር ማዶ ከታየ በኋላ ነው። ወጣቱ ሹም ይህን ልብ ይበል። በወረዳው ያለውን ችግር እርሱ ካልጻፈው ሌላ ሰው እስኪያነሣው መጠበቅ ይመጣል።

ቤተ መንግሥት ከድልድይ የሚከፋው በዚህ ነው። ጌታው ሲሞት ወይም ሲወርድ ጥቅሙ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሊሰጠው ይገባል። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ይህ ሆኖለታል፤ በኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ስለ ገቡበት ዛሬ በሕይወት ካሉት ግቢዎች አንዱ ነው። መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪ በየቀኑ የሚገባበት ቤት ጣሪያው ቢያፈስ በማግስቱ ይታወቃል። ባዶ ግንብ ግን ሲናድ የሚሰማው እረኛው ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/2000 ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የጥገና ሥራም ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። የጎደለው ከአዋጁ እስከ ግድግዳው ያለው መንገድ ነው። ያንን መንገድ የሚሄደው ሚኒስትሩ ሳይሆን የወረዳው ባለሙያ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እናንሣ።

በመጀመሪያ፣ የግንብ ዋና ጠላት ውኃ ነው። ጣሪያው ከተነሣ በኋላ ዝናብ በግድግዳው ራስ ላይ እየገባ ኖራውን ያጥበዋል፤ ወፍ የጣለችው የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ እዚያው ይበቅልና ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። ከክረምት በፊት ቦይ መቅደድ፣ ችግኙን ገና በጣት ሳለ መቍረጥ፣ የወደቀውን ጥርብ ድንጋይ ቆጥሮ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። አካፋ፣ መዝገብና የሚቆጣጠር ሰው ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ በበጎ አሳብ ሲሚንቶ አይለጠፍ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ስለ ሆነ በግድግዳው ውስጥ የገባውን ርጥበት አያስወጣም፤ በመጨረሻ የሚሰነጠቀው አሮጌው ድንጋይ ነው። በጣሊያን ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶና በብረት የተሠራውን ጥገና በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ማረም አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ኖራ ማቃጠልና ማቡካት የሚችሉ ወጣት ግንበኞችን ማሠልጠን ከአንድ ትልቅ ጥገና ይበልጣል፤ ጎንደር ላይ የተማረ ግንበኛ መርጡለ ማርያም ላይ ሊሠራ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የጠባቂው ደመወዝ በበጀቱ ላይ በስሙ ይጻፍ። አንድ ዘበኛና አንድ መዝጋቢ የሌለው ቅርስ ቢመረቅም ባይመረቅም አንድ ነው።

አራተኛ፣ ሕዝቡን ሳይጠይቁ አይጀመር። በ1967 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1968 በሞጣና በቢቸና፣ በሌላውም የጎጃም አውራጃ ምን ያህል ቍጣ እንዳስነሣና መንግሥትን ወደ ኋላ እንደ መለሰ የታወቀ ነው። ገበሬው የፈራው የብሩን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ነው። ዛሬም ለቅርስ ክልል ችካል ይዞ የሚመጣ ሹም አስቀድሞ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ካልተቀመጠ፣ ችካሉ በሌሊት ይነቀላል፤ ቢነቀልም ጥፋቱ የነቃዩ ብቻ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰላም ያስፈልጋል። በ1941 ጣሊያኖች በጎንደር ሳሉ ከአየር የተጣለው ቦምብ ከሁሉ ይልቅ የኢያሱን ግንብ እንደ ጎዳው ይታወቃል። በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭትም ብዙ ሰው ጎድቷል፤ የመንገደኛውንና የጠጋኙንም መንገድ ዘግቷል። ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ድንጋይ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ መሬት ሲረጋ ልጁ ተመልሶ ሲመጣ የሚያውቀው ምልክት ሊኖር ይገባል።

በሞጣና በቢቸና ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎችም ተራቸውን አይጠብቁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች መካከል ደብረ ወርቅና ዲማ የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። ያ አገር ለጸሐፊነት የሚበቃ ዓይን ሰጥቷቸዋል፤ ለዛሬው ልጅም አይነፍገውም። አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ቅዳሜ የሜትር ገመድና ደብተር ይዞ ከደብሩ አለቃ ፈቃድ ጠይቆ ቢሄድ፣ ግድግዳውን ለክቶ፣ የወደቀውን ቆጥሮ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ጽፎ አንዱን ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ፣ ቤክ በ1847 የጀመረው ሥራ በአገሩ ልጅ እጅ ይቀጥላል።

ወይዘሮ ወለተ እስራኤል መዝገቡን ስታስጽፍ ከእርሷ በኋላ የሚመጣውን ክረምት አስባለች። ደብሩ እስከ ዛሬ ስሟን የሚጠራው ስለዚህ ነው። የእኛም ዘመን ብዙ ሪባን ቆርጧል፤ አሁን ደግሞ መዝገብ ይክፈት። በመጀመሪያው መሥመር ላይም የጠባቂው ስምና ደመወዝ ይጻፍ።